ጎማ የገባባት ጊታር

ባለፈው ጥር፣ እዚሁ አዳማ፣ ጎረቤት ሰርግ ላይ ነበርኩ። አንድ ጎረምሳ ኪቦርድ ታቅፎ ቤዙን በአንድ ጣቱ ይጫናል። ጋሽ በላቸው ከጎኔ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ለማያውቁኝ ሰዎች ጀመረላቸው። «ይቺን ታያላችሁ? ገና በአሥር ዓመቷ የገዛ ወንድሟን ያዘመተች ናት!» ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስንት ዓመት እሱ ሲያወራው ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ላውራው። አንቱታዬን ፊት ለፊት ብቻ ነው የምሰጠው፤ እዚህ አያገኛትም።

ልጅ እያለሁ ከተማችን ናዝሬት ነበር የምትባለው። የቀበሌያችን አዳራሽ የቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ይውላል፤ ውስጡ ላብና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። እኔ የሕፃናት ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም ጆሮዬ ያስገርም ነበር። በመንገዱ የሚያልፈውን ጋሪ በቃጭሉ ብቻ ሰምቼ የማን ፈረስ እንደሆነ እናገራለሁ። የኪነቱ ኃላፊ ጋሽ በላቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር እያስጠራ ያስፈትነኝ ነበር።

ወንድሜ ግርማ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ጊታሯን ያገኛት ሶደሬ ይጫወት የነበረ አንድ ባንድ ሲበተን ነው። ቀለሟ ተልጧል፣ አንገቷ ትንሽ ተጣምሟል። ከክሮቿ ሥር የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ወትፎባት ስለነበር ድምጿ አጭርና ደረቅ ነው፤ በባዶ እግር መሬት እንደመርገጥ። ሁለተኛው የኪነቱ ጊታር ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር የመጣ አዲስ ነው። እሱ ሲመታ ድምፁ ይረዝማል፣ ይጮኻል፣ አዳራሹን ዞሮ ይመለሳል። ያን የሚጫወተው ደረጀ የቀበሌው ሊቀመንበር የእህት ልጅ ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በተጀመረ ሰሞን ለአውራጃው ኪነት አንድ ቤዝ ተጫዋች ተፈለገ። የተመረጠው ከተማ ይቀራል፤ ያልተመረጠው ይዘምታል። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ እናቴም ታውቅ ነበር። ከሁለቱ በእውነት የሚጫወተው ማን እንደሆነ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ በላቸው ወንድሜን ቢጥል ሰው ያማዋል፣ የሊቀመንበሩን ዘመድ ቢጥል እንጀራው ይቀራል። ስለዚህ ዳኝነቱን ለእኔ ሰጠ።

«እህቱ አይደለች እንዴ?» አለ አንዱ።

«ፊቷን አዙራ ነው የምትቀመጠው። ልጅ ደግሞ አታዳላም» አለ ጋሽ በላቸው።

ልጅ እንዴት አታዳላም? ጠዋት ግርማ ከጓሯችን ፓፓያ ሥር አስቀምጦኝ ክሮቹን እየነካካ፣ «ሚሚዬ፣ ጎማዋን ስሚ። ጎማዋን የሰማሽበትን ትመርጫለሽ፣ በቃ» ብሎኝ ነበር። ጋሽ በላቸው በዚያው ሰዓት ከእናቴ ጋር በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። የሰማን አልመሰለንም።

ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተመታው ረጅሙ ድምፅ ነው። ግን ምቱ ልክ አልነበረም፤ ማለቴ ለደረጀ ልክ አልነበረም። ግርማ ከከበሮው ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚያርፍባት ነገር ነበረችው፤ ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ። እሷን ሰማኋት። ቀጥሎ አጭሩ፣ ደረቁ፣ ጎማ የገባበት ድምፅ መጣ። እጁ የቸኮለ ነው። ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ጎማዋን ስሚ ተብያለሁ።

«ሁለተኛው» አልኩ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ስዞር የወንድሜ ጊታር ደረጀ አንገት ላይ ተንጠልጥላለች። ግርማ አዲሱን ይዞ ቆሟል። ፊቴን እንዳዞርኩ ጋሽ በላቸው በምልክት ጊታራቸውን አቀያይሯቸው ኖሯል፤ «ለፍትሕ ሲባል ነው» አለ።

«ተሳስቻለሁ! የመጀመሪያው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እንዴ የኔ ልጅ፣ ዳኛ ሁለቴ ይፈርዳል?» አለኝ ጉንጬን እየቆነጠጠ። ሰው በሳቅ ወደቀ። ያኔ የተሳቀው ሳቅ ነው እስከ ባለፈው ጥር የደረሰው።

ግርማ እስኪሄድ ድረስ አላናገረኝም። የዘማቾቹ መኪና ላይ ሲወጣ ብቻ ጎንበስ ብሎ፣ «እጄን አላወቅሽውም?» አለኝ። አውቄው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም፣ መርዶም አልመጣም። እናቴ ታሪኩን ከሰው አፍ የሰማች ዕለት «ጆሮሽን ይድፈነው!» አለችኝ፤ እስክትሞት አልመለሰችውም። ጎማ የገባባት ጊታር ለኪነቱ ተወረሰች፤ ደረጀም ዓመታት ተጫወተባት። አንድም ቀን እንደ ግርማ ዘግይቶ ማረፍ አልቻለም።

ዛሬ ከተማው ስሙም ድምፁም ተለውጧል። ቤዝ ከሳጥን ይወጣል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ የማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የእናቴ እርግማን ግን መንገድ ስቶ እኔን አለፈኝ። የተደፈነው የጋሽ በላቸው ጆሮ ነው። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፣ ሚስቱ ሞታለች፤ በዕድሩም በሰርጉም ከእኔ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሰው የሚለውን እንድደግምለት። የዚያን ቀንም ሙዚቃው ቆሞ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ተጠጋ።

«ምን አሉ የኔ ልጅ? እስቲ ድገሚልኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ልድገምልዎ» አልኩትና ድምፄን ጆሮው ከማይደርስበት ድረስ ዝቅ አደረግሁ።