በሠርጌ ዕለት የዘፈነው አዝማሪ

ባለፈው ሰንበት የልጅ ልጄ ሰላም ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና አንድ አዝማሪ አሳየችኝ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ቆመው ያጨበጭቡለታል። አሁንማ አዝማሪነትን ዩኒቨርሲቲም ይማሩታል ብላ ብዙ አወራችኝ። እኔ ማሲንቆውን ከሰማሁ ወዲያ ወሬዋ አልገባኝም።

በኛ ጊዜ ያለ አዝማሪ ሠርግ አይደምቅም፤ ግን ከሠርገኛው ጋር ማዕድ አያስቀርቡትም፣ ልጅም አይድሩለትም። ይርጋን ያወቅሁት ደብረ ኤልያስ ገበያ ነው። እኔ ጌሾ እሸጣለሁ፣ እሱ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ይጫወታል። ድምፁ እንደ መስከረም ፀሐይ ነበር፤ ክረምቱን ሁሉ ያስረሳል።

አባቴ ለሉማሜ ሰው ሲድረኝ ለሠርጉ የጠሩት ይርጋን ነው። በምስጢር ተመካከርን። ጭፈራው ሲሞቅ «የማሲንቆዬ ጭራ ተበጠሰ» ብሎ ሊወጣ፣ እኔም በጓዳ በር ልወጣ፤ እስከ አማኑኤል ከተማ በእግር፣ ከዚያ በመኪና ወደማያውቁን አገር።

ጥር ነው፤ ዳሱ አዲስ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጠላ ይሸታል። የኔና የይርጋ ነገር ጆሮው ደርሶ ኖሮ ወንድሜ አለባቸው ብድግ አለ።

«ተቀበል» አለው ይርጋን።

«የጨዋ ልጅ ትግባ ከጨዋ ልጅ ቤት፣
አዝማሪስ ምን ከፋው፣ ማሲንቆው ናት ሚስት።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ስድብም ቢሆን ተቀብሎ መዝፈን አለበት፤ ወጉ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ በሆዴ እምቢ በል እለዋለሁ። እምቢ ቢል የጭራውን ነገር አልጠብቅም፣ በሰው ሁሉ ፊት ወጥቼ አጠገቡ እቆም ነበር።

እሱ ግን ተቀበለው። እንደዚያን ቀን አሳምሮ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ድገም ሲሉት ደገመው። ጭራውም አልተበጠሰ፤ በበቅሎ ጭነው ወሰዱኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ይርጋን ግን ዳግመኛ አላየሁትም።

ሰላም እንባዬን አይታ «ምነው እምዬ?» ስትለኝ ነገርኳት። ተናደደችበት።

«ታዲያ እምቢ አይልም ነበር?»

«እምቢ ያለን አዝማሪ ማን መልሶ ይጠራዋል፣ ልጄ? ምን በልቶ ይደር?»

ይኼን ዛሬ አውቀዋለሁ። መዝፈኑንም ይቅር ብዬዋለሁ። ማሳመሩ ነው ያልወጣልኝ። ትንሽ እንኳ ቢያበላሸው፣ ለኔ ሲል ነው ያበላሸው እያልኩ ዕድሜዬን ሁሉ እጽናናበት ነበር።