ደንገጎ የጠቆረ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች በሬን አንኳኩ። በረንዳዬ ላይ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ከመሃላቸው አንዷ፣ ዓይነ ፈጣን ልጅ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ጋሽ ጎርፍ አንተ ነህ?» አለችኝ። ሁለቱ ወንዶች ደንግጠው ጎሸሟት። ስሜ ሙሉጌታ ነው፤ ግን ድሬዳዋ መጥተህ ሙሉጌታ ብለህ ብትጠይቅ ጎረቤቴም አይነግርህም።

«የጥንት ተውኔቶች ፌስቲቫል ልናዘጋጅ ነው፤ እንደ ድሮው፣ ከየሰፈሩ ሰው ሰብስበን» አለች ልጅቷ። «ሰሚራ እባላለሁ። ንግሥቲቱን የምጫወተው እኔ ነኝ።»

«እኔ እንዳለሁ ማን ነገረሽ?»

«አያቴ። ሆዳን። ‹ጎርፍን ሳትጠሩ እንዳትጀምሩ› ብላኛለች።»

ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሳሁ። «ኧረ ጋሼ ቁጭ በል» አለኝ አንደኛው። ቁጭ ማለት መቼ አውቅበትና! እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የዚህ ልጅ መቀመጫ እሾህ አለበት» ትል ነበር።

በድሮው ፌስቲቫል ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ፌስቲቫሉን የምንመራው ሦስት ሰዎች ነበርን። ሰብሳቢያችን ጋሽ ተካልኝ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከፈረንሳዮች ጋር ሲሠራ ኖሮ ቋንቋቸውን ለምዷል፣ የጥንት ተውኔቶችንም በገዛ እጁ ወደ አማርኛ መልሷል። ሲናደድ በፈረንሳይኛ ይሳደባል፣ ደስ ሲለው በኦሮምኛ ያንጎራጉራል። ሁለተኛዋ ሆዳን ናት፤ መጋላ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡት የሀጂ አብዲ ልጅ። አልባሳቱን የምታዘጋጀውም፣ ንግሥቲቱን የምትጫወተውም እሷ ነበረች። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ጸሐፊ ተባልኩ እንጂ ሥራዬ መሯሯጥ ነበር።

አዳራሽ አልጠፋም ነበር፤ ግን የዚያን ጊዜ አዳራሽ በድሬዳዋ ሙቀት ዳቦ ቤት ማለት ነው። ጋሽ ተካልኝ «የጥንቶቹ ሰዎች የተጫወቱት ሰማይ ሥር ነው» አለና ደቻቱ አሸዋ ላይ ይሁን ብሎ ወሰነ። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ ወንዝ ነው፤ በዚህ በኩል ከዚራ፣ በዚያ በኩል መጋላ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ግመል ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል። የከዚራው ሰው በዚህ ዳርቻ፣ የመጋላው በዚያ ዳርቻ ተቀምጦ ፊት ለፊት እየተያየ ይመልከት አልን። ደስ አይልም? ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ግን ነሐሴ ነበር። ተማሪዎች የሚያርፉት ያኔ ነው ብለን ነው። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ ያ አሸዋ በደቂቃ ወንዝ እንደሚሆን የድሬ ሕፃን ያውቃል። ሦስት የድሬ ልጆች፣ ዓይናችን እያየ!

«መላ አለው» አለ ጋሽ ተካልኝ። ከባቡር ዘመኑ የተረፈችውን የናስ ፊሽካ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። «አንተ መቀመጥ አትችልም። እንግዲያው ቁም። ዓይንህ ከደንገጎ እንዳይነቀል። ከጠቆረ ንፋ።»

ሆዳን ደግሞ የራሷ ጭንቅ ነበራት። ሀጂ አብዲ ልጃቸው ሰው ፊት ቆማ መጫወቷን አልወደዱትም፤ ክርክሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ «አንድ ቀን መጥቼ አያለሁ። የሚያሳፍር ካልሆነ ቀጥይ። የሚያሳፍር ከሆነ ጅቡቲ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አሏት። የንግሥቲቱን ቀሚስ የሰፋችበትን ቀይ ጨርቅ ግን መርጠው የሰጧት ራሳቸው ናቸው። የእሷ ተስፋ ያለው የመጨረሻው ንግግር ላይ ነበር፤ ንግሥቲቱ የከተማዋን በር ለጠላት ከመክፈቷ በፊት ለሕዝቧ የምትናገረው፣ ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ። ያንን ሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ በጣቃ ጨርቅ መሃል ተደብቃ ሰባት ወር ተለማምዳዋለች።

«እሱን ከሰማ አባዬ ይለቀኛል፣ ሙሌ» ትለኝ ነበር። «ወላሂ ይለቀኛል!»

በዕለቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ጀመርን። ሁለቱም ዳርቻ ጢም ብሎ ሞላ። የሳምቡሳው ዘይት ሽታ ከግመሎቹ ሽታ ጋር ይደባለቃል። ጫታቸውን በላስቲክ ቋጥረው የመጡ ሽማግሌዎች ጉንጫቸውን ወጥረው «አቦ እሱን ሰውዬ አትመኚው፣ ሌባ ነው!» እያሉ ንግሥቲቱን ይመክራሉ። ሀጂ አብዲ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ፊት ተቀምጠዋል። አይስቁም፣ አይቆጡም። እኔ ዳርቻው ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ አንዴ ሀጂን፣ አንዴ ተራራውን አያለሁ። ያን ቀን የሄድኩትን በቀጥታ ብሄደው ኖሮ ሁርሶ እደርስ ነበር።

ሊያልቅ ሲል ደንገጎ ጠቆረ። ቀዝቃዛ ነፋስ የረጠበ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ከመጋረጃው ኋላ ወዳለው ጋሽ ተካልኝ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ደንገጎ ጠቁሯል።»

ቀና ብሎ አየ። «ምን ቀረን?»

«የሆዳን ንግግር ብቻ።»

«ስድስት ደቂቃ!» አለና ከንፈሩን ነከሰ። «ሙሌ፣ እኔን አትጠይቀኝ። ልቤ ወደ መድረኩ ያደላል። ፊሽካው አንተ አንገት ላይ ነው።»

ሆዳን ወደ አሸዋው መሃል ወጣች። ቀኝ እጇን አነሳች። ሽማግሌዎቹ እንኳ ማኘካቸውን አቆሙ። የመጀመሪያዋን ቃል ልትናገር አፏን ስትከፍት ነፋሁ።

በነሐሴ ደቻቱ ላይ ፊሽካ ሲነፋ ድሬ ምንድን ነው ብላ አትጠይቅም። «ውሃ! ውሃ!» ተባለ። ምንጣፉ፣ ጫማው፣ ሕፃኑ፣ የሳምቡሳው ትሪ ሁሉም ወደ ላይ ተሰበሰበ። አሸዋው ላይ ሆዳን ብቻ ቀረች፣ እጇን እንዳነሳች። ሀጂ አብዲ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ወርደው ጎትተው አወጧት።

ከዚያ ቆመን ጠበቅን። ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት። ውሃ የለም። ደመናው ተበታተነ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ልጆች ወርደው ኳሳቸውን ጀመሩ። አንዱ የከዚራ ልጅ ከሩቅ «አቦ ሙሌ! ውሃው በየት በኩል አለፈ? እኛ እኮ አላየነውም!» ሲል ሁለቱ ዳርቻዎች አብረው ሳቁ። አብረው ያደረጉት አንድ ነገር እሱ ሆነ። ስሜም ያን ቀን ጠፋ።

አሁን የምናገረውን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። እዚያ ዳርቻ ላይ ቆሜ ውሃው እንዲመጣ ጸለይኩ። እባክህ ና፣ ትንሽም ብትሆን ና፣ መድረኩን ብቻ ውሰድ አልኩ። ልክ ነበርኩ ለማለት ስል ጎርፍ ለመንኩ! አፈርኩ፤ ግን መለመኔን አላቆምኩም።

ሀጂ አብዲ ለጋሽ ተካልኝ «ልጄን ወንዝ ውስጥ አቆማችኋት?» አሉት። ያሳፈርናቸው እኛ ነበርን፤ ቅጣቱ ግን ለእሷ ደረሰ። በሳምንቱ ጅቡቲ ሄደች። በነጋታው ለተያዘው ተውኔት አንድም ሰው አልመጣም፣ ፌስቲቫሉም በዚያው ቀረ። ጋሽ ተካልኝ «ልክ አድርገሃል» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ደጋግሞ አለኝ። ሰው ከልቡ የሚያምንበትን ነገር ያን ያህል አይደጋግምም።

ያ ወንዝ ከዓመታት በኋላ ሞልቶ ስንቱን ሰው እንደወሰደ ድሬ ታውቃለች፤ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ በቅጽል ስሜ የሚስቅ የለም። እኔን ግን አላጽናናኝም። ልክ ሠርቶም ሰው መበደል እንዳለ ማን ነግሮኝ ያውቃል? ሆዳን ከጅቡቲ ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል፤ ቀፊራ ገበያ ስንገናኝ ብርቱካን የምመርጥ መስዬ ፊቴን የማዞረው እኔ ነኝ።

እሑድ ወጣቶቹ ፌስቲቫላቸውን ወደሚጀምሩበት አዳራሽ ገባሁ። ሆዳን ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛልኛለች። በጉልበቷ ላይ የጋሽ ተካልኝ የተውኔቱ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ጅቡቲ ይዛው ኖራለች።

«ያን ቀን» አለችኝ ገና ከመቀመጤ፣ «ውሃው እንዲመጣ ተመኝተህ ነበር?»

መዋሸት አማረኝ። «ተመኝቼ ነበር» አልኳት።

«እኔም» አለች። «ቢመጣ ኖሮ አባዬ ግንባርህን ይስምህ ነበር። እኔን ደግሞ ሌላ ቀን ስጫወት ያየኝ ነበር።»

የመጨረሻው ንግግር ሲደርስ ሰሚራ ወጣች። ቀኝ እጇን አነሳች። ይኼኔ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ወዲያው ዝናቡ ዶፉን አወረደው። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ዓይኔ በሩን፣ እጄ አንገቴ ላይ የሌለውን ፊሽካ ፈለገ።

ሆዳን ክንዴን ያዘችኝ። «ቁጭ በል፣ ጎርፍ። ዛሬ ጣራ አለን።»

ተቀመጥኩ። ልጅቷ ዝናቡን ለመብለጥ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ስድስት ደቂቃ ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። አጠገቤ ሆዳን ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አብራት ተናገረች።