የንፋስ ቧንቧው ፉጨት

የሰርቦዋ ሐጂራ ሰው ስታማ እንኳ ወሬዋ ገበያው ድረስ ይሰማል። ቡና መቀሸሪያ ቤት የምንውል ሁሉ እንዲሁ ነን፤ ማሽኑ ሲነሳ ካልጮኽን አንግባባም። ስለዚህ በእሷ ጩኸት የሚገረም አልነበረም።

ማሽኑን የምታስነሳውም የምታጠፋውም ሐጂራ ናት። ጠጠር ሲገባበት ድምፁን ለይታ ታቆመዋለች። እኔ የተጠቀጠቀ ገለባ ለማውጣት እጄን ማሽኑ ውስጥ የምሰድደው፣ «ቆይ» ስል ትሰማለች ብዬ የእሷን ጆሮ አምኜ ነው።

ከሁሉ የከፋው ገለባውን ከቡናው የሚለየው የንፋስ ቧንቧ ነበር፤ ፉጨቱ አእምሮ ያዞራል። ጎረቤት ሲያማርር ባለቤቱ ሸኩር ከጅማ ናኦድ የሚባል ወጣት መሐንዲስ አመጣ።

ናኦድ ቧንቧውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ «ንፋሱ በዚህ ስለታም ጠርዝ ሲሰነጠቅ ነው የሚያፏጨው። ጠርዙን አጎብጠን ውስጡን ድምፅ በሚውጥ ጥጥ እናለብሰዋለን። መጀመሪያ ግን እንዳለ ልስማው» አለን። ሌላውን ማሽን አጥፍቶ ንፋሱን ብቻ አስነሳ። ጆሮዬን በጣቶቼ ደፈንኩ።

ይሄኔ ሐጂራ ዘግይታ ገባች። ሥራው ያለቀ መስሏት ፈገግ አለች።

«ፉጨቱ ጠፋ! አልሐምዱሊላህ፣ ጎበዝ ልጅ!» አለችው።

ናኦድ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ስትቀልድ ዓይኗን ትጠቅሳለች። እጆቼን ከጆሮዬ አውርጄ አየኋቸው፤ ፉጨቱ መልሶ አስደፈነኝ።

«ማል ተኤ? ምን ሆናችሁ?» አለች። ሁላችንም ጆሯችንን መድፈናችንን ስታይ ክው ብላ ቀረች።

 ናኦድ ሥራውን ጨርሶ ንፋሱን እንደገና ሲያስነሳ ፉጨቱ የለም። ሸኩርም ሠራተኛውም አጨበጨቡ፤ ሠራተኛው እርስ በርሱ በቀስታ ያወራ ጀመር። ሐጂራ ዓይኗን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ታንከራትታለች። እኔም ፈራሁ፤ ለእሷ ይሁን ለእጄ እንጃ።

ጎትታ ጥግ አስያዘችኝ። በፍርሃት ድምፅዋ ሰልሏል።

«ብርሃንነሽ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለሸኩር እንዳትነግሪብኝ። ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ልጆቼ ከእኔ ሌላ ማን አላቸው?»

«አልናገርም» አልኳት፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ።

ዓይን ዓይኔን እያየች መልሴን ትጠብቃለች። ደገምኩላት። አሁንም ትጠብቃለች። ቢጨንቀኝ፣ «አልናገርም!» ብዬ ጮኽኩ።

ፉጨቱም ማሽኑም ስለሌለ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበርና ሸኩርም ሠራተኛውም ዞረው አዩን።