ከቢራ ጠርሙስ የተሠራ መስኮት

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ባለቀለም መስታወት ያለው መስኮት ትመኝ ነበር። እኔም ሕፃን ልጃችንን ትታልኝ ከሞተች በኋላ ታዛዥ ባል ሆንኩና ሙያውን ልማር ተነሳሁ።

ሶዶ ከተማ ውስጥ ባለቀለም መስታወት አይሸጥም። መስታወት ቆራጩ ጋሽ ወልዴ፣ «የቢራ ጠርሙስ ቂጡን ቁረጥና በሲሚንቶ አያይዘው» አሉኝ። ባዶ ጠርሙስ ከየመጠጥ ቤቱ በጆንያ መሸከም ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሰብሬ ሁለት ጣቶቼን ቆረጥኩ።

በሳምንቱ ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። ሐዘንተኛ ሲጠጣ ዝም አይባልማ! እኔ ቢራ ቀምሼ አላውቅም። ጆንያውን አዩ፤ የታሰሩ ጣቶቼን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጄ፣ ካልተውክ ሕፃኗን አያቷ ወደ አረካ ከተማ ይውሰዷት» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ዳና።

«ጋሼ፣ እናቷ የተመኘችውን መስኮት ለእሷው እየሠራሁ ነው!»

«በቢራ?»

የስካር መንፈስ እንዲለቀኝ ግማሽ ሰዓት ጸለዩልኝ። ከአሜን በኋላ መስኮቱ ላይ በጠርሙስ ቂጥ የሠራሁትን፣ በግማሽ ያለቀውን አበባ አሳየኋቸው።

አቶ ዳና ጠጋ ብለው አዩት። «ቅጠሉ ለምን ቡናማ ሆነ?»

«አረንጓዴ ጠርሙስ አጣሁ።»

በማግስቱ አቶ ዳና ብቻቸውን መጡ። ከኮታቸው ሥር ሁለት አረንጓዴ ጠርሙስ አወጡ፤ አንደኛው ገና ቢራ ቢራ ይሸታል።

«ጋሼ፣ ከየት አገኙት?»

«አያቷን እኔ አነጋግራለሁ፤ አንተ ቅጠሉን ሥራ።»