የትርሲት ክፍል ቁልፍ

ትርሲትን ጋኤታ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ በወሰድንበት ቀን መኪናው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ ግርማ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ የነበረው ልጄ ሶስናና ትርሲት ነን። ትርሲት የሥጋ ዘመዳችን አልነበረችም። እዚህ ጣልያን፣ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻንጣዋን ታቅፋ ቆማ ያገኘኋት፣ ከዚያም እኛ ቤት የከረመች ልጅ ናት።

ባለፈው እሁድ ሶስና ፓቴንቴዋን፣ መንጃ ፈቃዷን ማለቴ ነው፣ ካወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሕሩ መንገድ ወደ ጋኤታ ወሰደችኝ። እኔ እንደ ልማዴ የበሩን እጀታ ጨብጫለሁ። ከአንዱ ዋሻ ስንወጣ ባሕሩ ድንገት ተዘረጋ።

"ማሚ፣ ኮክ የበላነው እዚህ ጋ አይደል?" አለችኝ።

እዚያው ነበር። ያኔ ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። ትርሲት ጋኤታ አንዲት አሮጊት ለመጦር፣ እዚያው እያደረች፣ ሥራ አግኝታ ነበር። በባቡር ልሂድ ስትል እምቢ አልኩ። እኛ አገር ሴት ልጅ ሰው ቤት ስትገባ የወገን ሰው ወስዶ፣ አደራ ብሎ ነው የሚያስረክባት። "ሰው እንዳላት ይወቁ" አልኩ። ግርማ መኪና ተዋሰ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ እሱንም በዚያ ሙቀት ኮት አስለበስኩት።

"ሙሽራ ልንድር ነው እንዴ?" ይላል ላቡን እየጠረገ።

"አንተ መንገዱን እይ! ገደል ነው!"

"ጋሼ፣ ግድ የለም ይንዱት" አለች ትርሲት ከኋላ። "እትዬ እንደሆኑ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።"

ኮኩን ከመንገድ ዳር ገዝተን ቆመን በላን። ጭማቂው እስከ ክርናችን ወረደ። ትርሲት ግን የእሷን እንደያዘች ባሕሩን ታያለች።

"እትዬ፣ ክፉ ሰዎች ቢሆኑስ?"

"ይዘንሽ እንመለሳለን።"

አሮጊቷ ሳሎን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ተቀበሉን። ቤቱን ያሳየን ጎልማሳው ልጃቸው ነው፤ እሱም እዚያው ይኖራል። የትርሲት ክፍል ንጹሕ ነበር፣ በሩ ግን ቁልፍ የለውም።

"ቁልፉስ?" አልኩ በዚያ በገበያ ጣልያንኛዬ።

ሰውየው ሳቀ። "እንግዲህ ሲኞራ፣ እዚህ ቤት ማንም በር አይቆልፍም።"

ግርማ ነጠላዬን ጎተተኝ። "ተይ፣ አታሳፍሪን።"

እኔ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አልኩ። "ቁልፍ ከሌለ ትርሲትም የለችም" አልኩ።

ይኼኔ አሮጊቷ ከሳሎን ጮኹ። "ቁልፏን ስጣት! እኔም ልጅ ሆኜ ሰው ቤት አገልግያለሁ።"

ልጃቸው መሳቢያ ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ የዛገ ቁልፍ አመጣ። በምግብ ዘይት አሸነው። ትርሲት ገብታ ከውስጥ ቆለፈች፣ እኔ በትከሻዬ ገፋሁ። አልተከፈተም። ከበሩ ማዶ ስትስቅ ሰማኋት።

ስንወጣ የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጄ ይዤ "አደራ" አልኳቸው፣ በአማርኛ። መልሰው እጄን ጨበጡት። በመልሱ ጉዞ ሶስና ትርሲት ያልበላችውን ኮክ ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሮጊቷ ደግ ሰው ሆኑ። ትርሲት እስኪሞቱ ድረስ ጦረቻቸው። ከዚያ ወደ ሰሜን ልትሄድ እንደሆነ ደውላ ነገረችኝ፤ በኋላ ስልኳ አልሠራ አለ። እሁድ ዕለት ያንን ቤት አየሁት፤ ቀለሙ ተቀይሯል፣ በረንዳው ላይ የማላውቃቸው ልጆች ይጫወታሉ። ሶስና "እንውረድ?" አለችኝ፣ አልወረድኩም። ያን ቀን በሩን በገዛ ትከሻዬ ገፍቼ አይቼ ነው የተመለስኩት። ዛሬ ትርሲት የምታድርበትን በር አላውቀውም።

ትርሲትን የምታውቁ፣ ወዴት እንደሄደች የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።