የዘበኛዋ እርጥብ ጨርቅ

ዘበኛዋ የምንላት ነርስ ናት፤ የፅኑ ሕሙማን ክፍላችን አለቃ። ስሙን ያወጡላት አስታማሚዎች ናቸው፤ በር ላይ ቆማ ቦርሳቸውን እየበረበረች የውሃ ጠርሙስ ስለምትቀማቸው። ልቡ የደከመ ሰው ክፉኛ ይጠማዋል፣ ግን ከልክ ያለፈው ውሃ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምበታል። "አንድ ጉንጭ ምን ያደርገዋል?" ያላት ሰው አበቃለት። "ቀብሩ ላይ ታጠጣዋለህ" ትለዋለች፣ ፊት ለፊት። ምላሷ አይጣል ነው። እኔንም ስታሠለጥነኝ ያላስለቀሰችኝ ቀን የለም፤ አሁን ቁጣሽ ቁርጥ የሷ ነው ይሉኛል።

የምትፈቅደው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው። ውሃ ነክረሽ፣ ጥምዝ አድርገሽ ጨምቀሽ፣ ከንፈሩን ታብሺለታለሽ። ጠብ ካለ ጉድሽ ፈላ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀልደኛ። አንድ ቀን ልቡ ደም መርጨት አቅቶት፣ እጅ እግሩ በረዶ ሆኖ አመጡት። የወረደ ግፊቱን በመድኃኒት ደግፈን ያዝነው። እግሩ ሞቀ፣ ሽንቱም መጣ፤ እፎይ አልን። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፣ ክብደቱ ጨመረ፣ ደረቱን ሳዳምጠው እንደ ድስት ይንተከተካል።

ደሜ ፈላ። ውሃ የሚያጠጣው ሰው አለ ማለት ነው። እህቱን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ወረድኩባት። "ወንድምሽን ልትገድይው ነው?" ብዬ ቦርሳዋን ገለበጥኩት። ማበጠሪያና ሻሽ ብቻ ወደቀ። ሴትዮዋ ዕቃዋን እየለቀመች አለቀሰች።

እየተንጨረጨርኩ ተመልሼ መጋረጃውን ስገልጥ፣ ዘበኛዋ ባሏ ላይ ጎንበስ ብላለች። ጨርቁ አልተጨመቀም። እጇን ጨበጥ ስታደርገው ውሃው አፉ ውስጥ ይወርዳል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል። ትራሱ ርሷል።

"አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"ለመነኝ" አለች። "አንድ ጉንጭ ምን ያደርገዋል?"

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም። ስንቷን እናት፣ ስንቱን ልጅ ይህችኑ ቃል በማለታቸው አሸማቃ መልሳለች። ጨርቁን ከእጇ ነጠቅኳት።

"ቀብሩ ላይ ታጠጪዋለሽ" አልኳት። አልጸጸተኝም፤ አሁንም አይጸጽተኝም።

ፊቷ ልውጥ አለ። ብድግ ብላ ጋውኗን አስተካክላ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ለተረኞቹም ንገሪያቸው፤ እኔንም እንዳያስገቡኝ" አለችኝ። ሄዳ አስታማሚዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እህቱ ጠጋ አለችላት።

የኦክስጅን ጭምብል አድርገን፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መርፌ ወግተን ስንታገል ዋልን። አመሻሹ ላይ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አገኘ።

"ሄደች?"

"በር ላይ ናት።"

ጨርቁን ነከርኩ፣ ጥምዝ አድርጌ ጨመቅኩና ከንፈሩን አበስኩለት።

"ያንቺ ደረቅ ነው" አለኝ። "የሷ ይሻል ነበር።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አልኩትና ደግሜ ጨመቅኩት።