ሒሳብ ደብተሬን የለበጥኩበት ገጽ

ድሬዳዋ ላይ ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በጠፋ ምሽት የሰፈራችን ልጆች የምንሰበሰበው አባባ ተሰማ በረንዳ ላይ ነበር። አባባ ተሰማ ከባቡር ጣቢያ በጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ የሌላው ሽማግሌ ተረት ከአፉ ሲወጣ የእሳቸው ግን ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበር፤ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የገዛ ሕይወቱን በሣጥን በሣጥን ከፋፍሎ የሣለበት መጽሐፍ። ፋኖሱን ከጉልበታቸው አጠገብ ያስቀምጡና ቀጣዩን ሣጥን በመዳፋቸው ከድነው አንዱን ብቻ ያሳዩናል፤ የከሰሉ ፍም ፊታችንን እያሞቀው፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆረቆረው አንገታችንን እናሰግጋለን።

«አቦ አባባ፣ እጅዎትን ያንሱልን!»

«ቀስ በሉ። ሙሴውም ቀስ ብሎ ነው የሣለው።»

ሙሴው፣ አባባ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ እንዲያ ነበር የሚጠሩት፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር፤ በአባቱ የዱቄት ከረጢት ላይ ሲሥል አደገ። ኋላ ለልጆች መጽሔት እየሣለ ስም አወጣ። ከዚያ ሥዕሎቹ ሲንቀሳቀሱ ማየት አማረውና ፊልም ሠራ፤ ፊልሙ በታየበት ቀን ግን አዳራሹ ባዶ ሆነ። አባባ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጉና «የቀረችው አንድ ገጽ ናት፤ እሷን ነገ» አሉን።

በዚያው ቀን የሒሳብ መምህራችን ያልተለበጠ ደብተር ይዞ የሚመጣ ወዮለት ብሎን ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ጋዜጣ የሚባል አይገባም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ የተዋስነውን ወንፊት እንድመልስ አባባ ቤት ላከችኝ፤ መጽሐፉ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ሰው የለም። የመጨረሻውን ገጽ ቀደድኩና ደብተሬን ለበጥኩበት። ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ፀጉሩ የነጣው ሙሴ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ፣ በአዲስ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዋን ሣጥን ያሰምራል።

ማታ አባባ መጽሐፉን ገለጡ። ጣታቸው የተቀደደውን ጠርዝ እየዳበሰ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ፋኖሱን አስጠግተው እንደገና ዳበሱት። ከዚያ ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን።

«እ... ከዚያማ» አሉ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «እጁ ዛለ። እርሳሱን ጣለው። ምነው ዱቄቴን ባቦካሁ እያለ ሲጸጸት ኖረ።»

ከልጆቹ እንዲያ እንዳልሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዱላ ፈርቼ ዝም አልኩ። አባባ ያንን መጽሐፍ ዳግመኛ ይዘው አልወጡም፤ እኔ አሜሪካ ሳልመጣም አረፉ።

ልጄ ሊዲያ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ ከተማ ላንድማርክ ሰፈር ነው ያደገችው፤ እርሳስ ከያዘችበት ቀን ጀምሮ ሣጥን እያሰመረች። እኔ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው የምንከባከብ ሰው ነኝ፤ ነርሶቹ ገብተው ሲወጡ እያየሁ ልጄን በሐሳቤ ከእነሱ ጋር አቆማት ነበር። ስለዚህ የሙሴውን ተረት ነገርኳት፤ አንዴ አይደለም፣ ሥዕል ባበዛች ቁጥር፣ አባባ በሰጡት መጨረሻ። «እጁ ዛለ፣ ተጸጸተ።» ዘንድሮ የኮሌጅ ፎርሟ ላይ ነርሲንግ ብላ ሞላች። ተንበርክኬ ጌታን አመሰገንኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቷ ቤት ውላ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ያንኑ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አግኝታ መጣች። ምስር እያማሰልኩ ነበር።

«ማሚ፣ ሉክ! ሙሴሽ! እጁ አልዛለም እኮ፣ ስቲል እየሣለ ነው።»

ያው ነጭ ፀጉር፣ ያው ጠረጴዛ።

«ሜይቢ አባባ ተሰማ ተሳስተው ነው» አለችኝ። ማምለጫውን ራሷ ሰጠችኝ። ማማሰያውን አስቀመጥኩ።

«አልተሳሳቱም። ገጹን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ለደብተር መለበጫ።»

«ዌት። ይሄን ሥዕል አይተሽው ነበር? ኦል ዚስ ታይም?»

«አይቼው ነበር።»

ሥዕሉን ደግማ አየችው። «ቢያንስ ሒሳብ አለፍሽ?»

«ወደቅኩ።»

ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ፣ እኔ ፎርሙን ሞልቻለሁ እኮ» አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

እሑድ እሑድ ጉባኤ መካከል ቆሜ ይቅር በለኝ ስል ኖሬያለሁ፤ ይህችን ኃጢአቴን ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ረስቻት አይደለም። ጠቅማኝ ነው።

ፎርሙን እስካሁን አልላከችውም፤ ለመጠየቅም አፍ የለኝ። ትናንት ማለዳ ሥራ ከመግባቴ በፊት የሥዕል ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁትና በግሮሰሪ የወረቀት ከረጢት ለበጥኩላት። ስመለስ መለበጫው ላይ አንዲት ባዶ ሣጥን ተሰምራለች፤ ምን ልትሥልባት እንደሆነ አልነገረችኝም።

ከእነዚያ ምሽቶች ሁሉ አብሮኝ የቀረው ተረቱ አይደለም፤ የተቀደደውን ጠርዝ የሚዳብሰው የአባባ ጣት ነው። ያኔ ዝምታቸው የተረቱን መጨረሻ ፍለጋ ይመስለኝ ነበር። አሁን እናት ሆኜ ሳስበው፣ አንድ በአንድ ሲያዩን ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ቆይቷል። እስክናገር ጠብቀውኝ ነበር።